ሸክሙን ማን ይሸከመው?

ኮምፒዩተር ልንገዛ ስንነሳ የምንጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ፍጥነቱ ስንት ነው? ሚሞሪው ስንት ጊጋ ነው? ግራፊክስ ካርዱስ የየትኛው ዓመት ነው? ሻጩ ቁጥሩን ይደረድርልናል፤ እኛም ከዋጋው ጋር አስተያይተን እንገዛለን። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሰርኪዩት ቦርዶች በምን እንደተያዙ፣ ክብደታቸው በየት በኩል ወርዶ ጠረጴዛው ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ገዥ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ ተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ገበያ ላይ የዋለው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ 304 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ2 ኪሎ በላይ ክብደት አለው። የመነሻ ዋጋውም 1,599 ዶላር ነበር። ይህን የሚያህል ዕቃ ቆሞ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖረው በአንድ ጫፉ በኩል ተይዞ፣ ሌላው ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አርክቴክቱ፣ የፊልም አቀናባሪው፣ መሐንዲሱና ተመራማሪው የዕለት ሥራቸውን የጣሉት በዚህ በተንጠለጠለ ዕቃ ላይ ነው።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ዛሬ በዋናነት የማወጋችሁ ስለ ተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ፣ ማለትም ስለ አያያዝ ነው። ስለ ፍርዱም ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

ቦርዱ ለምን ይጎዳል?

ሰርኪዩት ቦርድ የምንለው ነገር በአብዛኛው ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተደራርቦ የሚሠራ ስስ ሳንቃ ነው። የተለመደው ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩና በውስጡ እጅግ ስስ የሆኑ የመዳብ መስመሮች ይሄዳሉ፤ የተለመደው የመዳቡ ውፍረት 0.035 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቺፖቹና ጥቃቅኖቹ ዕቃዎች ከመዳቡ ጋር የሚያያዙት በብየዳ ነው።

ሳንቃው ራሱ ደካማ አይደለም። ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ችግሩ በላዩ የተበየዱት ዕቃዎች መጉበጥን የማያውቁ መሆናቸው ነው። ከሴራሚክ የሚሠሩትን ጥቃቅን ካፓሲተሮች እንውሰድ። እነዚህ ከሸክላ ወገን ናቸውና ሲጎብጡ ይሰነጠቃሉ እንጂ አይታጠፉም። በታወቀው የፍተሻ ዘዴ ካፓሲተሩ በቦርድ ላይ ይበየድና፣ ቦርዱ 90 ሚሊ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሐሉ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲጎብጥ ይደረጋል። ዕቃው ሊችለው ይገባል የተባለው ይህችን ያህል ነው ማለት ነው።

ትልልቆቹ ቺፖች ደግሞ በሆዳቸው በኩል በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የብየዳ ጠብታዎች ቦርዱ ላይ ይቀመጣሉ። ቦርዱ ሲጎብጥ ቺፑ አብሮ ስለማይጎብጥ ጭንቀቱ በማዕዘን ባሉት ጠብታዎች ላይ ይከማቻል። ክፋቱ፣ ስንጥቁ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ዕቃው ዛሬ ይሠራል፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከርሞ አንድ ቀን ምስል መስጠቱን ያቆማል። ባለቤቱም «ምንም ሳልነካው ተበላሸ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ አልነካውም። የነካው የምድር ስበት ነው፣ ያውም ሌት ተቀን።

ሳጥኑ ሲቆም ካርዱ ተጋደመ

ጉዳዩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ያስተዋወቀው የግል ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም ሳጥን ነበር። ማዘርቦርዱ ከታች ተዘርግቶ ካርዶቹ በላዩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ክብደታቸውም በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ስሎቱ ይወርዳል። ረጃጅሞቹ ካርዶች በፊተኛው ጫፋቸው በሳጥኑ ግድግዳ በኩል በተሠራ የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ስለሚገቡ ወዲያና ወዲህ አይወዛወዙም ነበር። በጊዜው የነበሩት መሐንዲሶች ረጅም ካርድ በሁለት ጫፉ መያዝ እንዳለበት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ኋላ ላይ ሳጥኑ ቆሞ የሚቀመጥ ሆነ። ለዴስክ ቦታ ይቆጥባል፣ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን ሳጥኑ ሲቆም ማዘርቦርዱም ቆመ፤ ማዘርቦርዱ ሲቆም ካርዶቹ ተጋደሙ። ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው ካርድ እንደ መደርደሪያ ጎኑን ለስበት ሰጠ። ካርዱ 200 ግራም በሚመዝንበት ዘመን ይህ ማንንም አላሳሰበም። የፊተኛው ቦይም ከአብዛኞቹ የግል ኮምፒዩተር ሳጥኖች ቀስ በቀስ ጠፋ። በትልልቅ ሰርቨሮችና ለሙያ ሥራ በሚውሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ግን ይህ አሠራር ዛሬም ይገኛል። ለሙያ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ግራፊክስ ካርዶች በሩቁ ጫፋቸው ላይ ማራዘሚያ ደጋፊ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ያሏቸው ለዚህ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ ኢንዱስትሪው ይህንኑ ትምህርት በሌላ በኩል ደጋግሞ ተምሮታል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1997 ፔንቲየም 2ን ሲያወጣ ቺፑን በካርትሪጅ ውስጥ አስገብቶ እንደ ካርድ በጠርዙ ስሎት ላይ አቆመው። ከሙቀት ማብረጃው ጋር ሲደመር ስሎቱ ብቻውን ሊይዘው ስለማይችል ግራና ቀኝ የሚይዙት የፕላስቲክ ምሰሶዎች ተሠሩለት። በ2000 ፔንቲየም 4 ሲመጣ ለሙቀት ማብረጃው የተፈቀደው ክብደት 450 ግራም ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ማብረጃዎች ማዘርቦርዱን አልፈው ከሳጥኑ ላሜራ ጋር በሚገናኙ ብሎኖች ይታሰሩ ነበር። በ2003 ይፋ የሆነው ቢቲኤክስ የተባለው የሳጥንና የማዘርቦርድ አሠራር ደግሞ የማብረጃውን ክብደት ወደ ሳጥኑ የሚያስተላልፍ ራሱን የቻለ የብረት ደጋፊ ነበረው። ቢቲኤክስ በገበያ አልቀናውም፤ ኢንቴል በ2006 ትቶታል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ክብደቱ ከከባዱ ዕቃ ተነስቶ ወደ ሳጥኑ ብረት መውረድ ያለበት ቦርዱን ሳያስጨንቅ ነው። ቦርድ የኤሌክትሪክ መንገድ ነው፤ ምሰሶ አይደለም። ጠንካራ ደጋፊ ለመንደፍ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «እንዴት አጥብቄ ልያዘው?» ሳይሆን «ክብደቱ በየት በኩል ይውረድ?» መሆን አለበት።

በግራፊክስ ካርድ ላይ ይህ ጥያቄ ዘግይቶ ነው የተጠየቀው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት በትልቁ መጠኑ 89 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመትና 164 የመገናኛ ነጥቦች አሉት። ከጫፉ ያለችው መቀርቀሪያ ካርዱ ከስሎቱ እንዳይወጣ ትይዘዋለች እንጂ ክብደት እንድትሸከም አልተሠራችም። በ2010ዎቹ አጋማሽ አንዳንድ የማዘርቦርድ አምራቾች ስሎቱን በብረት መሸፈን ጀመሩ። ይህ ስሎቱ እንዳይሰበር ይረዳል፤ ነገር ግን ክብደቱ አሁንም የሚያርፈው ማዘርቦርዱና ካርዱ ላይ ነው። በ2023 የካርድ ጠጋኞች በይፋ ካሳዩዋቸው ጉዳቶች አንዱ የካርዱ ቦርድ ከመቀርቀሪያዋ አጠገብ ካለው ጥግ ጀምሮ መሰንጠቁ ነበር። ስሎቱ ሲጠነክር የሚሰበረው ቦታ ተዛወረ እንጂ ሸክሙ አልቀነሰም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አንባቢዬ ሒሳብ አይወድ ይሆናል፤ ሦስት ቁጥሮች ግን ይያዝልኝ።

የመጀመሪያው የርዝመት ነው። በአንድ ጫፉ ታስሮ የተንጠለጠለ ዘንግ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ያው ክብደት የሚያጎብጠው በ2 ሳይሆን በ8 እጥፍ ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስም እንዲሁ 8 እጥፍ ይጎብጣል። ስለዚህ ካርዱ ከ200 ወደ 300 ሚሊ ሜትር ሲረዝም «ትንሽ ጨመረ» ማለት አይቻልም፤ በዚያው ክብደት እንኳ ጉብጠቱ ከ3 እጥፍ በላይ ነው።

ሁለተኛው የደጋፊው ነው። በየአገሩ ጎጆ ሲሠራ፣ ፍሬ የበዛበት ቅርንጫፍ ሊገነጠል ሲል ገበሬው ባላ ያቆምለታል። የባላው ጥቅም በቁጥር ሲሰላ ያስደንቃል። ክብደቱ ወጥ የሆነና በአንድ ጫፉ የታሰረ ዘንግ ነፃው ጫፍ ሥር ባላ ቢቆምለት ከፍተኛው ጉብጠቱ ወደ 23ኛ ገደማ ይወርዳል። እውነተኛው ካርድ ወጥ ዘንግ አይደለም፤ ማሰሪያውም ፍጹም አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ባላው የሚሸከመውም ብዙ አይደለም፤ ክብደቱ መሐል ላይ ላረፈ 2 ኪሎ ካርድ፣ ጫፉ ላይ የቆመ ደጋፊ ቢበዛ 1 ኪሎ ያህል ነው የሚይዘው። መንገድ ላይ ለሚደርሰው ድንጋጤ 5 እጥፍ ብናስብለት እንኳ 5 ኪሎ ነው። ይህን ለመሸከም ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ደህና ቦታ ላይ የቆመ ተራ ዕቃ ይበቃል።

ሦስተኛው የንዝረት ነው። ማንኛውም የተንጠለጠለ ነገር የራሱ የመወዛወዣ ልክ አለው። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ያውቀዋል፤ በልኩ ከገፉት ትንሽ ጉልበት ብዙ ያወዛውዘዋል። ካርዱ በራሱ ክብደት 1 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ ከሆነ ልኩ በሴኮንድ 16 ጊዜ ያህል ነው። 4 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ ወደ 8 ጊዜ ይወርዳል። የጭነት መኪና ንዝረት ጉልበቱ ይበልጡን የሚገኘው በሴኮንድ ከ2 እስከ 20 ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ ነው። የጎበጠ ካርድ የያዘ ኮምፒዩተር መኪና ላይ ሲጫን መንገዱ ዥዋዥዌውን በልኩ ይገፋለታል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ደጋፊ ሲቆም ግን ልኩ ከ4 እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ከዚህ ክልል ይወጣል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዴቭ ስታይንበርግ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ንዝረት በጻፈውና መጀመሪያ በ1973 በታተመው መጽሐፉ የታወቀበት ደንብም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የቦርዱና የሳጥኑ የመወዛወዣ ልኮች ቢያንስ በእጥፍ ይራራቁ ይላል። ካልተራራቁ አንዱ ሌላውን እያቀጣጠለ ይሄዳል።

ጥሩ ደጋፊ ምን ምን ያሟላል?

አንደኛ፣ ክብደቱን ወደ ሳጥኑ ያውርድ። ከሳጥኑ ወለል የሚነሳ ምሰሶ፣ ወይም ከሳጥኑ የጀርባ ላሜራ ጋር በብሎን የሚታሰር ክንድ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ራሱ ረጅም ከሆነ ግን እሱም የተንጠለጠለ ዘንግ መሆኑን አንርሳ፤ ከታች የሚነሳው ምሰሶ ሁልጊዜ ይመረጣል። ከታች ያለው ሌላ ካርድ ወይም የኤሌክትሪክ ኬብል ግን የምሰሶ መሠረት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሚነካው ቦታ ይታወቅ። ደጋፊው ማረፍ ያለበት ከካርዱ የብረት አካል ወይም ጠንካራ ሽፋን ሥር፣ ከጀርባው በራቀው ጫፍ አጠገብ ነው። ራቁቱን ቦርድ፣ የብየዳ ነጥብ ወይም የሚዞር ፋን መንካት የለበትም። ጫፉ ላይ ስስ ጎማ ቢለብስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አይቧጭርም፣ ንዝረትም በመጠኑ ይውጣል።

ሦስተኛ፣ የሚይዘውን ይያዝ፣ የሚለቀውን ይልቀቅ። ብዙ ሰው ጠንካራ ማለት በየአቅጣጫው የታሰረ ማለት ይመስለዋል። 300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ካርድ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ቦርዱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በላዩ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ ከዚያ የበለጠ፣ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በሁለቱም ጫፍ በብሎን ካሰርነው የሚሄድበት ስላጣ ይጎብጣል። ስለዚህ ደጋፊው ወደ ታች መውረድን ይከልክል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተትን ግን ይፍቀድ። የ1981ዱ የፕላስቲክ ቦይ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

አጥብቆ መያዝ በራሱ መልካም እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። ኢንቴል በ2021 መጨረሻ ባወጣቸው 12ኛ ትውልድ ቺፖች ላይ ሶኬቱ ረዘም ያለውን ቺፕ የሚጫነው መሐል አካባቢ በሁለት ጎን ነበር፤ በዚህም የቺፑ ክዳን በጥቂቱ እንደሚጎብጥ ተጠቃሚዎች አስተዋሉ። ሌሎች አምራቾች ጫናውን በዙሪያው የሚያከፋፍል ክፈፍ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ጉልበቱ አልጨመረም፤ ቦታው ነው የተስተካከለው።

አራተኛ፣ ቁመቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል ይሁን። የተለመደው ኤም 4 ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር 0.7 ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ካርዱን ከልኩ በላይ ወደ ላይ መግፋት ጉዳቱን ገልብጦ ማምጣት ነውና፣ በሩቁና በቅርቡ ጫፍ ከሳጥኑ ወለል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ እኩል ማድረግ ይበቃል። ሲገጠምም መጀመሪያ የጀርባው ብሎኖች ትንሽ ላላ ይደረጋሉ፤ ካርዱ በእጅ ተይዞ ይስተካከላል፤ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ደጋፊው ሥሩ ገብቶ እስኪነካው ድረስ ከፍ የሚለው። በጀርባው ብሎኖች መላላት የመጣ ዝቅታ በእነሱው ይስተካከላል፤ የቀረውን ደጋፊው ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ መሆኑን መንገር አያስፈልገኝም።

አምስተኛ፣ የሚሠራበት ዕቃ ሙቀት ይቻል። ዛሬ በከተማችን በ3ዲ ፕሪንተር የሚሠሩ ደጋፊዎችም ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ የሚታተሙበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ሞቅ ባለ ቦታ ክብደት ተሸክሞ ሲከርም ቀስ እያለ ይተኛል። ፒኢቲጂ ወደ 80፣ ኤቢኤስ ወደ 105 ዲግሪ ድረስ ይችላሉ። አሉሚኒየምና ብረት ደግሞ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ናቸው።

ከሁሉም የተሻለውን አያያዝ ማየት የሚፈልግ ሰው በአውሮፕላንና በወታደራዊ መሣሪያ ውስጥ ያሉትን ቦርዶች ይመልከት። እዚያ ቦርዱ በግራና በቀኝ ጠርዙ በብረት ቦይ ውስጥ ይገባል። በጠርዙ ላይ ተከታትለው የተደረደሩ ሽብልቆች አሉ። አንድ ብሎን ሲጠብቅ ሽብልቆቹ በተዳፋት ፊታቸው እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይሰፉና ቦርዱን ከቦዩ ግድግዳ ጋር ያጣብቁታል። በዚያው መንገድ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ይተላለፋል። ብሎኑ ሲላላ ቦርዱ እንደ መሳቢያ ይወጣል። እንጨት ፈላጭ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሽብልቅ ሰማይ ላይ ኮምፒዩተር ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

የማስረዳት ሸክምስ?

እዚህ ላይ ሕግ የተማርኩ ሰው መሆኔ ትዝ ይለኛል። አንድ አርክቴክት ወዳጄ ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ የቆየ ሳይሆን ገና ዋስትናው ያላለቀ ኮምፒዩተር ይዞ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ሳጥኑ በመኪና ቆሞ ተጓዘ። ሲደርስ ምስል የለም። ተከፍቶ ሲታይ የካርዱ ቦርድ ከስሎቱ ጥግ ተሰንጥቋል። ሻጩ «ይህ ስብራት ነው፤ ዋስትናው ስብራትን አይሸፍንም» አለው። የዋስትናውን ወረቀት ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

ወረቀቱ በተጠቃሚ አያያዝ የደረሰ ጉዳትን ያገልላል ይላል። ካርዱ በደጋፊ መያዝ እንዳለበት፣ ወይም በጉዞ ጊዜ መነቀል እንዳለበት ግን በየትኛውም መስመር አይናገርም። በሳጥኑ ውስጥም ደጋፊ አልነበረም። ታዲያ ቆሞ እንዲቀመጥ የተሸጠን ኮምፒዩተር ማቆም ያልተገባ አያያዝ ነውን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በመደበኛ አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የዕቃው የራሱ ጉድለት ደግሞ በሽያጭ ውል ዋስትና በኩል ይታያል፤ በዚያም ገዥው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። በሁለቱም መንገድ ክርክሩ የሚያርፈው «መደበኛ አጠቃቀም» ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። የማስረዳት ሸክሙም በአብዛኛው የሚወድቀው በከሳሹ፣ ማለትም በገዥው ላይ ነው። ካርዱ በራሱ ክብደት ለወራት መጉበጡን ከተሰበረ በኋላ በምን ያስረዳል? ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ፤ ወዳጄ የአዲሱን ካርድ ዋጋ ግማሽ ከፈለ።

እኔን ያሳሰበኝ የግማሹ ዋጋ አይደለም። የካርዱ ክብደት ከካርዱ ሠሪ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ከማዘርቦርዱ ወደ ሳጥኑ ሠሪ፣ ከሳጥኑ ሠሪ ወደ ገጣጣሚው፣ ከገጣጣሚው ወደ ሻጩ ሲገፋ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ምንም የማያውቀው ገዥ ጫንቃ ላይ ማረፉ ነው። አንዳንድ የካርድ አምራቾች ዛሬ ደጋፊውን ከካርዱ ጋር በአንድ ካርቶን ያቀርባሉ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። የሳጥን አምራቾችም የጥንቱን ቦይ የሚተካ ደጋፊ ከሳጥኑ ጋር አብረው ቢሠሩ፣ ገጣጣሚዎችም ደጋፊ የሌለውን ከባድ ካርድ ገጥመው ባይሸጡ ጉዳዩ ይቃለል ነበር።

ወደ አገራችን የሚገባው ኮምፒዩተር ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ ለመድረስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከዚያም በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ክልል ከተሞች ይሄዳል። ካርዱ ሲሰበር የሚተካው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ደጋፊ እስኪገኝ ድረስ ያለ ምንም ወጪ ሊደረግ የሚችለውን ልናገር። ኮምፒዩተሩ ሲጓጓዝ ከባዱ ካርድ ተነቅሎ በራሱ ካርቶን ይሂድ። መንቀል ካልተቻለ ሳጥኑ ማዘርቦርዱ ከታች፣ ካርዱ በላዩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሆኖ ይጋደም። ቢሮ ውስጥም ቦታ ካለ፣ የአየር መውጫውም ካልተዘጋ፣ አጋድሞ ማስቀመጥ የ1981ዱን መልካም አሠራር መመለስ ነው። ሲገዙ ደግሞ ስንት ጊጋ እንደሆነ ከመጠየቅ ጋር «ካርዱ ስንት ኪሎ ነው? በምን ተይዟል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ወይም በዋስትናው ወረቀት ላይ ያስጽፉ። በቃል የተነገረ ዋስትና ነገ በማስረጃ ጊዜ ብዙ አይረዳም።